በእንሰታችን ውስጥ የተጻፈው ፊደል

(ለመሠረተ ትምህርት ተከታታዮች በራዲዮ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



በሆሳዕናና በሾኔ፣ በዱራሜና በዶዮገና፣ በሀደሮ፣ እንዲሁም በሙዱላና በአካባቢዋ የቀኑን ሥራ ፈጽማችሁ በራዲዮናችሁ ዙሪያ የተሰበሰባችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶችም ጭምር፣ ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ለዛሬ ደብተርና እርሳሱን ወደ ጎን አድርጉት። የምንነጋገረው በጆሮ የሚያዝ ነገር ነው። ቢሆንም ከፊደል አንርቅም። ከሀ እስከ ፐ ያሉትን ፊደላት ለመለየት ስንት ምሽት እንደደከማችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አራት ፊደል ብቻ ያሉት፣ ነገር ግን ቁጭ ብሎ አንብቦ ለመጨረስ ብዙ ዓመት የሚጠይቅ አንድ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ያለው በመጽሐፍ ላይ አይደለም። በየጓሯችሁ በቆመው እንሰት ውስጥ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ከሙዱላ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት አሉ እንበል። በጓሯቸው አርባ ያህል እንሰት ተክለዋል። የልጅ ልጃቸው ለእረፍት ከትምህርት ቤት መጥቶ በጓሮው ውስጥ አብሯቸው ሲዘዋወር፣

«አያቴ፣ ይኼና ያኛው አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ? እኔ እኮ ምንም ልዩነት አይታየኝም» ይላቸዋል።

«ዓይን የለህም እንዴ ልጄ! በዚህኛው ቅጠል መሐል የሚሄደውን ዘንግ እየው፣ ቀላ ይላል። ያኛው ነጣ ያለ ነው። የዚህ አሚቾው ተቀቅሎ ይበላል፣ የዚያ ግን አይጥምም። ቃጫቸውም ቢሆን አይገናኝም።»

«ታዲያ ጎረቤት ጓሮ ያለው ቁርጥ ይህንን የሚመስለው ለምን በሌላ ስም ይጠራል?»

«እሱንማ ችግኙን የሰጧትን ሰዎች ጠይቅ» ብለው ይስቃሉ።

እኒህ እናት የሳቁበት ጥያቄ ብዙ ተመራማሪዎችን ሲያደክም የኖረ ነው። ሁለት ስም ያላቸው እንሰቶች በእርግጥ ሁለት ናቸው? ወይስ አንዱ እንሰት ከአገር አገር ሲዞር ስሙን እየቀየረ ነው? በአንጻሩ ደግሞ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የማይዛመዱ እንሰቶች ይኖሩ ይሆን? ጥያቄው የስም ብቻ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡ። ወደ በሽታው ስንደርስ ትርጉሙ ይገባችኋል።

በቅድሚያ ስለ እንሰት ጥቂት እንበል። በሐዲያና በከምባታ ዌሳ የምትሉት ይህ ተክል በአገራችን ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአንድም በሌላም መንገድ የሚኖርበት ነው። ዱሩ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል። አልምቶ፣ ፍቆ፣ አብላልቶ ቆጮና ቡላ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ስንዴ ወይም ስለ በቆሎ እንደሚደረገው በየአገሩ ብዙ ሊቅ ሊያጠናልን አይችልም። እኛ ካላጠናነው የሚያጠናው ጥቂት ነው።

እንሰት የሚባዛበትም መንገድ ልዩ ነው። ሳያብብና ፍሬ ሳይሰጥ ተቆርጦ ለምግብ ስለሚውል በዘር አይባዛም። እናቶችና አባቶች እንደምታውቁት፣ ያልደረሰ እንሰት ከሥሩ ከፍ ብሎ ይቆረጣል። የአሚቾው መሐል ተፍቆ እንቡጡ ይወጣና አፈር ተሞልቶ ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዙሪያው ሃምሳ፣ መቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ችግኝ ብቅ ብቅ ይላል። እንግዲህ እነዚህ ችግኞች አባት የላቸውም። ልጅ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ ይወርሳል። እነዚህ ግን የእናቲቱ ግልባጭ ናቸው። አስተማሪያችሁ በጥቁር ሰሌዳ የጻፈውን መቶ ተማሪ በየደብተሩ እንደሚገለብጠው ማለት ነው። አልፎ አልፎ አንዱ ተማሪ አንድ ፊደል ሊስት ይችላል፤ ቃሉ ግን ያው ነው።

ይህ ጥቅም አለው። ጥሩ እንሰት ያገኘች እናት ያንኑ ጥሩነት ለልጅ ልጅ ታስተላልፋለች። ጉዳትም አለው። አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል። የጠምባሮና የሀደሮ ገበሬ ይህንን ከዝንጅብል ተምሮታል። ዝንጅብልም እንደ እንሰት የሚባዛው ከዘር ሳይሆን ከሥሩ ቁራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ የአጠውልግ በሽታ የገባበት ጊዜ ማሳው በሙሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲቢጭና ሲወድቅ ያየ ሰው አይረሳውም። ልጆቹን በዝንጅብል ገንዘብ ያስተምር የነበረ ስንቱ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ባዶ እጁን ቀረ።

አሁን ወደ ፊደሉ እንግባ።

ማንኛውም ተክል፣ እንስሳም ሆነ ሰው የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ክፍሎች ነው። የእንሰት ቅጠል ላይ አንድ ጣታችሁን ብታሳርፉ ከጣታችሁ ሥር ብዙ ሺህ ሕዋሳት ይኖራሉ። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ የተጠቀለሉ ክሮች አሉ። ሰው 46 ሲኖረው እንሰት 18 አለው። ክሩ የተፈተለበት ነገር ዲ ኤን ኤ ይባላል። ዲ ኤን ኤ እንደ ተጠመዘዘ የገመድ መሰላል ነው። የመሰላሉ ደረጃዎች የተሠሩት ከአራት ነገሮች ብቻ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ በአጭሩ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ይሏቸዋል። ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ጂ ሁልጊዜ ከሲ ጋር ይጣመራል። ስለሆነም የመሰላሉን አንድ ጎን ያወቀ ሌላውን ጎን ሳያየው ያውቀዋል። ይህን ቅርጽ ዋትሰንና ክሪክ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ዓለም እንዲያውቀው አደረጉ። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለች ሴት በኤክስሬይ ያነሣችው ፎቶግራፍ ባይኖር ግን ሥራቸው ከባድ በሆነ ነበር። ስሟ ለብዙ ጊዜ ሳይነሣ መቅረቱ ያሳዝናል።

ከዚህ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ አንድ የተለየ ትእዛዝ የያዘው ክፍል ጂን ይባላል። አንዱ ጂን «ይህን ቀለም ሥራ» ይላል፤ ሌላው «ባክቴሪያ ሲገባ ይህን መከላከያ አውጣ» ይላል። የጽሑፉ ጠቅላላ ድምር፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ ጂኖም ይባላል። የእንሰት ጂኖም ወደ 547 ሚሊዮን ፊደል ይገመታል። በሰኮንድ አንድ ፊደል ብትቆጥሩ፣ ሳትበሉና ሳትተኙ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ ይወስድባችኋል። የሰው ልጅ ጂኖም ከሦስት ቢሊዮን በላይ ስለሆነ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ዓለም በኅብረት የሰውን ጂኖም ለማንበብ እ.ኤ.አ. በ1990 ጀምሮ በ2003 ሥራውን ሲዘጋ እንኳ አንዳንድ ቀዳዳዎች ቀርተው ነበር። እነዚያ የተሞሉት በ2022 ነው።

ታዲያ በዓይን የማይታየውን እንዴት ያነቡታል? ብዙ ሰው የሚያስበው በትልቅ ማጉያ መነጽር አጎንብሰው አንድ በአንድ የሚያዩት ይመስለዋል። አይደለም። ዘዴው ሌላ ነው።

ተመራማሪው ወደ ጓሮ ይመጣል፤ ከእንሰቱ ቅጠል የመዳፍ ያህል እንኳ የማይሞላ ቁራጭ ይወስዳል። ቁራጩን እርጥበት ከሚመጥ ደረቅ ፍሬ ጋር በትንሽ ከረጢት ይዘጋዋል፤ ከረጢቱ ላይ የቦታውን ስምና ባለቤቲቱ የነገሩትን የእንሰት ስም ይጽፋል። በላቦራቶሪ ውስጥ ቅጠሉ ይፈጫል። ሳሙና መሰል ነገር ይጨመርበታል። እጃችሁ ላይ ያለውን ቅባት ሳሙና እንደሚያስለቅቀው፣ የሕዋሱንም ሽፋን ይፈታዋል። ጨው ይገባበታል፤ በመጨረሻም ቀዝቃዛ አልኮል ይፈስበታል። ያን ጊዜ ዲ ኤን ኤው ነጭ ድር መስሎ ይረጋል። እንሰት ግን ያስቸግራል። ሲቆረጥ የሚወጣውና ልብስ የሚያጠቁረው ፈሳሽ ከዲ ኤን ኤው ጋር ተጣብቆ አልለቅ ይላል። እንሰት ስትፍቁ ልብሳችሁ የጠቆረባችሁ እናቶች፣ የላቦራቶሪውም ሰው ከእናንተው ጋር ተመሳሳይ ጣጣ እንዳለበት ዕወቁት።

የተገኘው ዲ ኤን ኤ እጅግ ጥቂት ስለሆነ መባዛት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሪ ሙሊስ የተባለ አሜሪካዊ አሰበው፤ በ1993 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዘዴው ፒ ሲ አር ይባላል። ዲ ኤን ኤው ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ መሰላሉ ለሁለት ይሰነጠቃል። ቀዝቀዝ ሲል እያንዳንዱ ግማሽ የጎደለውን ወገን እንዲሞላ ይደረጋል፤ አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እንደገና ይሞቃል፣ ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ይህ ሠላሳ ጊዜ ሲደጋገም ከአንዲቱ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይገኛል። ይህንን የመሙላት ሥራ የሚሠራው ነገር ሙቀት የማይበግረው መሆን ስላለበት በአሜሪካን አገር ፍል ውሃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ ተገኘ። ፍል ውሃ ደግሞ እኛም አገር ሞልቷል። ማን ያውቃል፣ የእኛዎቹም ውስጥ ምን እንዳለ!

አሁን አሮጊቷ እናት ወደ ሳቁበት ጥያቄ እንመለስ። ዶክተር አልማዝ ነጋሽና ዶክተር አድማሱ ጸጋዬ፣ ከሆላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አምስት አካባቢዎች 146 በስም የተለያዩ እንሰቶችን ሰብስበው መረመሩ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የተጠቀሙበት ዘዴ ሙሉውን ጽሑፍ አያነብም። ዲ ኤን ኤውን የተወሰነ ቃል ባገኘበት ቦታ ሁሉ በሚቆርጥ መቀስ መሰል ነገር ይቆራርጠዋል። ቁርጥራጩን አባዝቶ እንደ ገንፎ በረጋ ነገር ውስጥ በኤሌክትሪክ ያስሮጠዋል። አጫጭሩ ቀድሞ ይሄዳል፤ ረጃጅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። በመጨረሻ የሚታየው ልክ እንደ ነጠላ ጥለት የተደረደረ መስመር ነው። የሁለት እንሰቶች ጥለት አንድ ከሆነ እንሰቶቹ አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከተለያየ ግን በእርግጥ ይለያያሉ።

ምን አገኙ? 180 መስመር ቆጠሩ፤ ከነዚህ ውስጥ ከእንሰት እንሰት የሚለያየው 104 ነበር። ከ146ቱ እንሰቶች 58ቱ በ21 ቡድን ውስጥ ገቡ፤ በአንድ ቡድን ያሉት ጥለታቸው አልለይ አለ። ስትቀናንሱት 146ቱ ስም ወደ 109 ወረደ ማለት ነው። ከዚያም የሚያስደንቀው፣ ከጠቅላላው ልዩነት በአካባቢና በአካባቢ መካከል የተገኘው ከመቶ አምስት አይሞላም። የቀረው ሁሉ በየአካባቢው ውስጥ ነው። አንድ አካባቢ ብቻውን ብዙውን የእንሰት ሀብት ይዟል። ችግኝ በጋብቻ፣ በዘመድ ጥየቃና በገበያ ከአገር አገር ሲዞር ኖሯል ብሎ ማሰብ ከዚህ ጋር ይስማማል። ሙሽራ ስትሄድ ችግኝ ይዛ ስትሄድ አላያችሁም?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የገበሬው ስም ልማድ ብቻ ነው» ይላል። ይህ ችኮላ ነው። ያ ጥለት የሚያሳየው ከ500 ሚሊዮን ፊደል በላይ ካለው ጽሑፍ ሁለት መቶ የማይሞላ ጥቂት ቦታ ነው። ያልታየው ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣ የቅጠሉን ዘንግ አቅልታው እንደሆነ ጥለቱ አይናገርም፤ የእናቲቱ ዓይን ግን ያየዋል። በሐዲያ ብቻ ከሃምሳ በላይ የእንሰት ስም መመዝገቡ ሰው ሥራ ፈትቶ ስም ሲያወጣ ስለዋለ አይደለም። ስሙ ለጥናቱ መነሻ ሆኖ አገልግሏል። ጥናቱም ስሙን አጣርቶታል።

ሙሉውን ጽሑፍ ማንበብ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ፍሬድሪክ ሳንገር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1977 ፊደላቱን በተራ የሚያነብበትን ዘዴ አወጣ፤ ዛሬ ሌሎች ፈጣን መሣሪያዎች ተተክተዋል። ሁሉም ግን አንድ ችግር አለባቸው፤ ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ይበጣጥሱታል። ብጣሾቹን ያነቡና እንደገና ይገጣጥሟቸዋል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በአማርኛ እንሞክረው። «ለም መሬት ላይ የተተከለ እንሰት ቶሎ ያድጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር በአሥር ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር እንበል። አይጥ ገብታ ወረቀቶቹን ሁሉ በተለያየ ቦታ በጣጠሰቻቸው። ከብጣሾቹ መካከል «ለም መሬት ላይ የተ» የሚል አገኛችሁ። ሌላው «ላይ የተተከለ እን» ይላል። ሌላው «ተከለ እንሰት ቶሎ»፣ ሌላው ደግሞ «ሰት ቶሎ ያድጋል»። የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ስለሚደራረብ፣ እያስተያያችሁ ብትደረድሯቸው ዓረፍተ ነገሩ ይመለስላችኋል። ወረቀቱ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን መደራረብ ስለማይኖር የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አታውቁም ነበር። ስለዚህ ነው ተመራማሪዎች አንዱን ጂኖም ብዙ ጊዜ ደጋግመው የሚያነቡት። መደርደሩን የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው፤ በሰው እጅ አይሞከርም። አስቸጋሪው በጽሑፉ ውስጥ የሚደጋገም ነገር ሲኖር ነው። «ቶሎ ቶሎ ቶሎ ቶሎ» የሚል መስመር ቢኖር ብጣሹ ከየትኛው «ቶሎ» እንደመጣ በምን ይታወቃል? በእንሰት ውስጥ እንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ክፍል ብዙ ነው። በቅርብ ዓመታት በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ፊደላትን በአንዴ የሚያነቡ መሣሪያዎች ሲመጡ ሥራው ቀለል ብሏል።

የእንሰት የቅርብ ዘመድ የሆነው ሙዝ ጂኖሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ተነበበ፤ ወደ 36 ሺህ 500 የሚሆን ጂን ተቆጠረበት። የእንሰት የመጀመሪያ ረቂቅ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። በ2018 የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ያሉበት ቡድን የአሥራ ሰባት እንሰቶችን ፊደል ለዓለም አቀረበ። አረካ ወላይታ ውስጥ ነው፤ ከእናንተ ሩቅ አይደለም። ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንሰቶች እዚያ በመስክ ላይ በሕይወት ተተክለው ይጠበቃሉ። የጤፍ ዘር በማሰሮ ይቀመጣል፤ እንሰት ግን ዘሩ ስለማይቀመጥ በየዓመቱ መኮትኮትና መጠበቅ አለበት። ያ ማሳ በበሽታ ቢመታ የሚጠፋው ብዙ ነው።

ወደ በሽታው መጣን። የእንሰት አጠውልግ የምንለው፣ ቅጠሉን ከመሐል ጀምሮ የሚያቢጭ፣ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ነገር የሚያወጣው በሽታ ባክቴሪያ የሚያመጣው መሆኑን ዶክተር ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም አሳወቁ። በ1974 ይኸው ባክቴሪያ ሙዝንም እንደሚይዝ ጻፉ። በ2001 በዩጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ አገሮች ገባ።

የባክቴሪያውም ጂኖም ተነቧል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከየአገሩ የተሰበሰበውን ባክቴሪያ ፊደል በፊደል ሲያስተያየው በሁለት ዋና ዋና የዘር ሐረግ ተከፈለ። ይህም በሽታው ወደ ጎረቤቶቻችን የሄደው አንድ ጊዜ ብቻ ላይሆን እንደሚችል፣ ምናልባትም ከኢትዮጵያ ከአንድ ጊዜ በላይ እንደወጣ ያመለክታል። ዘር ቆጥሮ የዘመድ ሐረግ የሚያወጣ ሽማግሌ እንደሚያደርገው ነው፤ አንድ ዓይነት ስሕተት የተሸከሙ ግልባጮች ከአንድ ግልባጭ መጥተዋል። በጽሑፉም መሠረት የዚህ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶች በቆሎና ሸንኮራ አገዳን የሚያጠቁት ሆነው ስለተገኙ በ2020 የሳይንስ ስሙ ተለውጧል።

ይህ ለገበሬው ምን ይጠቅማል? በእዚህ ባክቴሪያ ብቻ የሚገኙ ጂኖች ተለይተዋል። ስለዚህ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ችግኝ ባክቴሪያውን ደብቆ እንደሆነ በፒ ሲ አር ማወቅ ይቻላል። የታመመ እንሰት ምልክት ሳያሳይ ብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ችግኝ ከገበያ ገዝታችሁ ጓሯችሁን የበከላችሁ ሰዎች ይህንን ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ተስፋ ከራሱ ከእንሰት ነው። በወላይታ ማዚያ የሚባል እንሰት አለ። በተደጋጋሚ ሙከራ በሽታውን ከሌሎቹ በተሻለ ሲቋቋም ታይቷል። ጨርሶ አይያዝም ማለት አይደለም፤ ቶሎ አይወድቅም፣ አንዳንዱም ያገግማል። ተመራማሪዎች ችግኞችን በአንድ ቦታ አድርገው ባክቴሪያውን በመርፌ ይወጓቸዋል። በስንት ቀን እንደሚጠወልጉ ይቆጥራሉ። ከዚያም የሚቋቋሙትንና የማይቋቋሙትን ጽሑፍ ጎን ለጎን አድርገው «የሚቋቋሙት ሁሉ ያላቸው፣ የሚወድቁት የሌላቸው ቃል የትኛው ነው?» ብለው ይፈልጋሉ። እንሰት እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ያ ቃል ከተገኘ ግን የጣት ያህል ያለ ችግኝ ቅጠሉ ተቆርጦ ዕጣ ፈንታው በጥቂት ቀን ይነገራል። የስሙም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። አንዲት እናት ሦስት ስም ያላቸው እንሰቶች ተክለው «አንዱ ቢሞት ሁለቱ ይተርፉልኛል» ብለው ያስባሉ። ሦስቱም በፊደላቸው አንድ ከሆኑ ግን አንዱን የጣለው ሁሉንም ይጥላቸዋል። ሁለት በእርግጥ የተለያዩ እንሰቶች ሦስት ስም ብቻ ካላቸው ሦስት ይሻላሉ።

ከሌላ ተክል ጂን ወስዶ የመጨመርም መንገድ አለ። በዩጋንዳ ከቃሪያ የተወሰደ ጂን የገባበት ሙዝ በምርምር ማሳ ላይ አጠውልግን መቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ተዘግቧል። በአገራችን እንዲህ ያለ ሥራ በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው ይገዛል። እኔ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ነገር ግን ከሩቅ ከመፈለግ በፊት በየጓሮው ያለውን ጠንቅቆ ማንበብ ይቀድማል ባይ ነኝ።

ስለ ባለቤትነቱም ጥቂት እናንሣ። ጤፍን ያየ ስለ እንሰት ይጠነቀቃል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ኅዳር ወር መብቱ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 የእናንተን ቅጠል ወደ ውጭ የሚወስድ ሰው ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያስገድዳል። አስቸጋሪው ግን ዛሬ ቅጠሉ መሄድ አያስፈልገውም። ፊደሉ ከተነበበ በኋላ በስልክ መስመር በደቂቃ ውስጥ ባሕር ይሻገራል። ዓለም በዚህ ጉዳይ ገና እየተነጋገረ ነው። እስከዚያው ድረስ ቅጠል ሊወስድ የመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ከየት እንደመጣ፣ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው ጠይቁት። እንሰቱን የምትጠሩበትንም ስም ከረጢቱ ላይ በትክክል እንዲጽፍ አድርጉ። አሁን እንግዲህ ማንበብ ስለምትችሉ፣ የጻፈውን ራሳችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ከዛሬው ንግግር በኋላ ወደ ጓሯችሁ ስትወጡ ደግሞ ይህችን አትርሱ። ባክቴሪያውን ከእንሰት ወደ እንሰት ይዞ የሚዞረው ብዙ ጊዜ የእናንተው ቢላዋ ነው። አንዱን ቆርጣችሁ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት ስለቱን በእሳት አንቀልቅሉት። የታመመውን እንሰት ከነሥሩ ነቅላችሁ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ ለከብት አትስጡ። ከታመመ ጓሮ ችግኝ አትውሰዱ፣ ለዘመድም ቢሆን አትስጡ።

ጥያቄ ያላችሁ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያችሁ በኩል ጽፋችሁ ላኩልን።